የጣና ደሴቶች ቁጥር፣ «ኢዝ» ወይስ «አር»?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ልጁ እዚሁ ባሕር ዳር ከጀልባ መነሻው አካባቢ ቱሪስት ያስጎበኛል። ወረቀቱ ጀልባዋ ውስጥ የሚለጠፍ ነው። ስለ ጣና ሐይቅ በእንግሊዝኛ አምስት መስመር ጽፎበታል። «ጋሼ፣ ላሚኔት ላስደርገው ነው። ከዚያ በፊት አንዴ ይዩልኝ» አለኝ።

ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን አነበብነው። የመጀመሪያው መስመር «ዘ ነምበር ኦፍ አይላንድስ ኢን ሌክ ጣና አር ሰርቲ ሰቨን» ይላል። የጣና ደሴቶች ቁጥር 37 ነው ለማለት ነው። ሁለተኛው «ኤ ነምበር ኦፍ ሞናስተሪ ኢዝ ፋውንድ ኦን ዘ አይላንድስ» ይላል። ደሴቶቹ ላይ በርከት ያሉ ገዳማት ይገኛሉ ማለቱ ነው።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና የመጀመሪያውን «አር» ሰርዤ «ኢዝ» አደረግኩት። የሁለተኛውን «ኢዝ» ደግሞ «አር»። «ሞናስተሪ» ላይም የብዙ ቁጥር ምልክቷን «ስ» ጨመርኩባት። ልጁ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። «ሁለቱም ‹ነምበር ኦፍ› አይደሉም እንዴ ጋሼ? ምናቸው ተለየና ነው አንዱ ‹ኢዝ› ሌላው ‹አር› የሚሆነው?»

ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «‹ኤ› ካለ በብዙ፣ ‹ዘ› ካለ በነጠላ፣ ያዘው» የሚል ነው። ሕጉ ትክክል ነው። ግን የተሸመደደ ሕግ ፈተና እስኪያልፍ ይቆይና ከዚያ ይጠፋል። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ሪፖርት ሲጽፍ አይሳሳትም። ምክንያቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። አማርኛችን ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ልጁን ወደ ሐይቁ እንዲያይ ነገርኩት። ከዘጌ በኩል አንዲት ጀልባ ሰው ጭና እየተጠጋች ነበር።

«ምን መጣ?» አልኩት።

«አንድ ጀልባ ሙሉ ቱሪስቶች መጡ።»

«‹መጡ› አልክ። የመጡት እነማን ናቸው?»

«ቱሪስቶቹ ናቸዋ።»

«‹አንድ ጀልባ ሙሉ› ያልከውስ ለምንድን ነው?»

«ስንት እንደሆኑ ለመናገር ነው እንጂ።»

«ጥሩ። አሁን ደግሞ ‹የቱሪስቶቹ ጀልባ› ብለህ ጀምርና ጨርስልኝ።»

«የቱሪስቶቹ ጀልባ መጣች።»

«‹መጡ› ለምን አላልክም?»

«አንድ ጀልባ ናታ ጋሼ!»

መልሱን ራሱ ሰጠ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ጀልባም አለ፣ ቱሪስትም አለ። የተቀየረው ባለቤቱ ነው። በመጀመሪያው ባለቤቶቹ ቱሪስቶቹ ናቸው፤ ጀልባዋ መስፈሪያ ሆና ብዛታቸውን ብቻ ነው የምትናገረው። በሁለተኛው ባለቤቷ ጀልባዋ ናት፤ ቱሪስቶቹ የትኛዋ ጀልባ እንደሆነች ለማስረዳት ነው የገቡት። ግሱም ባለቤቱን ይከተላል።

«ኤ ነምበር ኦፍ» ማለት «አንድ ጀልባ ሙሉ» እንደማለት ነው። «ነምበር» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ባለቤት መሆኑን ትቶ መስፈሪያ ሆኗል። ትርጉሙ «በርከት ያሉ»፣ «የተወሰኑ» ነው። ስለዚህ ግሱ የሚያየው ከ«ኦፍ» በኋላ ያሉትን ነገሮች ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ ቱሪስትስ አር ዌይቲንግ» ስንል የሚጠብቁት ቱሪስቶቹ ናቸው። ቁጥር አይጠብቅም።

«ዘ ነምበር ኦፍ» ግን «የቱሪስቶቹ ጀልባ» እንደማለት ነው። ባለቤቱ ራሱ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ አንድ ነው። 37ም ይሁን 37 ሺህ፣ አንድ ቁጥር ነው። «ዘ ነምበር ኦፍ ቱሪስትስ ኢዝ ኢንክሪሲንግ» ስንል እየጨመረ ያለው ቁጥሩ ነው። እዚህ ጋ አማርኛም ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ ነው። «የቱሪስቶች ቁጥር ጨመረ» እንላለን። «የቱሪስቶች ቁጥር ጨመሩ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ስትጠራጠሩ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በልባችሁ በሉት። «በርከት ያሉ» ከመጣላችሁ ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው፤ ግሱም በብዙ ቁጥር ይሆናል። «ቁጥሩ» ከመጣላችሁ ግሱ ነጠላ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። «ኢዝ» እና «አር» ላይ ብቻም አይቆምም። «ሃዝ» እና «ሃቭ»፣ «ዋዝ» እና «ወር»፣ «ዳዝ» እና «ዱ» ሁሉ በዚሁ ይገዛሉ። ለምሳሌ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ይህን ለእንግዳ ስንናገር «ኤ ነምበር ኦፍ ሞናስተሪስ ዱ ኖት አላው ዊሜን» ነው የምንለው። የማያስገቡት ገዳማቱ ናቸውና «ዱ» እንጂ «ዳዝ» አይሆንም።

አማርኛችን ይህን ያህል የሚያግዘን ከሆነ ታዲያ ለምን እንሳሳታለን? ምክንያቱ አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሁለት ፊት ስላለው ይመስለኛል። በጽሑፍ «ብዙ ሰዎች መጡ» እንላለን። በአፋችን ግን «ብዙ ሰው መጣ» ነው። ገበያ ሄደን «አምስት እንቁላል ስጪኝ» እንላለን እንጂ «አምስት እንቁላሎች ስጪኝ» አንልም። «ሦስት ልጅ አለኝ»፣ «ሃያ ቱሪስት ጫንኩ»፣ «ስንት ደሴት አየህ?» ይባላል። ቁጥሩ ወይም «ብዙ» የሚለው ቃል ብዛቱን ከተናገረ በኋላ ስሙ ላይ «ኦች» መጨመር ለአማርኛ ግዴታ አይደለም። አንዴ ተነግሯል፣ በቃ።

እንግሊዝኛ በዚህ አይስማማም። ብዛቱን በሦስት ቦታ እንድንናገር ይፈልጋል። አንዴ በ«ኤ ነምበር ኦፍ»፣ አንዴ ስሙ ላይ በምትጨመረው «ስ»፣ አንዴ በግሱ። ልጁ «ኤ ነምበር ኦፍ ሞናስተሪ ኢዝ» ብሎ ሲጽፍ «ብዙ ገዳም አለ» የሚለውን የአፉን አማርኛ ነው ያስቀመጠው። በአማርኛው ስህተት አልሠራም። የአንዱን ቋንቋ ልማድ ወደ ሌላው ወስዶት ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ፈካ አለ። ብዙ ወጣቶች «እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብለው የሚተዉት እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚነግራቸው ሰው ስለማያገኙ ነው የሚተዉት።

ሌላው ምክንያት ጆሮ ነው። እንግሊዞች ሲያወሩ «ኤ» እና «ዘ» ተውጠው ነው የሚወጡት። «ኤ ነምበር» የሚለው «አነምበር» ሆኖ ይሰማል። አስጎብኚ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ቋንቋውን የሚለምደው በአብዛኛው ከጆሮ ስለሆነ፣ ያቺ ትንሽ ድምፅ ታመልጠዋለች። ሁለቱ ሐረጎች አንድ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ስታዳምጡ ግሱን ጠብቁ። ፊት ለፊት ያመለጣችሁን ግሱ ኋላ ላይ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ደሴቶቹ ልመለስ። ምክንያቱም ጣና ለዚህ ትምህርት የተሠራ ነው የሚመስለው።

የጣና ደሴቶች ስንት ናቸው? ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ 37 ይላችኋል። ግን ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚህ የነበረው ፖርቹጋላዊው ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ 21 ደሴቶች እንዳሉና ገዳም ያለባቸው ሰባት ወይም ስምንት እንደሆኑ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መጣ። የአካባቢው ሰዎች ሰው የሚኖርባቸውን ደሴቶች 45 ብለው እንደሚቆጥሩ ጽፎ፣ እሱ ግን ቁጥሩ 11 ገደማ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። 37 የሚለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተደረገ ቆጠራ የመጣ ነው። በዚያ ቆጠራ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ወይም የነበረባቸው 19 ናቸው ተብሏል።

እንዲህ መለያየቱ አይገርመኝም። ደሴት ምን ያህል መሬት ሲሆን ነው ደሴት የሚባለው? ሰው የሚኖርበት ብቻ ነው የሚቆጠረው? ክረምት ውኃው ሲሞላ የሚሸፈን፣ በጋ ሲጎድል ብቅ የሚል መሬትስ? ሐይቁ ሲጎድል ከዳርቻው ጋር የሚገናኘውስ? ቆጣሪው ለእነዚህ በሰጠው መልስ ቁጥሩ ይለያያል።

እንግሊዝኛውም የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ራሱ መነጋገሪያ ሲሆን፣ ማለትም ስንት ነው፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ማን ስንት አለ የሚለውን ስናነሳ «ዘ ነምበር ኦፍ አይላንድስ» እንላለን። ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ ደሴቶቹ ማውራት ስንፈልግ፣ ማለትም ምን እንዳለባቸው፣ ማን እንደሚኖርባቸው፣ እንዴት እንደሚደረስባቸው ስንናገር «ኤ ነምበር ኦፍ አይላንድስ» ይሆናል። «ዘ ነምበር» ብሎ የጀመረ ሰው አድማጩ ቁጥር ይጠብቃል። «ኤ ነምበር» ያለ ሰው ግን «ከአንድ ሁለት ይበልጣሉ፣ ስንትነታቸውን ለጊዜው ተወው» እያለ ነው።

በዚህ ምክንያት «ኤ ነምበር ኦፍ» ን «ብዙ» ብሎ ብቻ መተርጎም ያሳስታል። አራትም ሊሆን ይችላል፣ አርባም። በርግጥ ብዙ ለማለት ከፈለጋችሁ «ላርጅ» የሚለውን ጨምሩና «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ» በሉ። ጥቂት ለማለት «ኤ ስሞል ነምበር ኦፍ» አለ። ሁለቱም ግሳቸው የብዙ ነው። «ኤ ግሮዊንግ ነምበር ኦፍ»፣ ማለትም ከጊዜ ወደ ጊዜ ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣ፣ የሚለውም በአብዛኛው በብዙ ቁጥር ይጻፋል። ጋዜጦቻችን «ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ቱሪስቶች መጡ» ሲሉ አስተውላችሁ ከሆነ፣ «ቁጥር» የሚለው ቃል መሃል ላይ ቢኖርም ግሱ «መጡ» ነው። ያው ሥራ ነው።

ሪፖርት ለምትጽፉ ግን አንድ ልመና አለኝ። ቁጥሩን ካወቃችሁት ጻፉት። «ኤ ነምበር ኦፍ ፊሸርመን ወር ትሬይንድ» የሚል ሪፖርት ያነበበ ሰው ስንት ዓሣ አስጋሪ እንደሠለጠነ አያውቅም። 12 ከሆኑ 12 በሉ። «ኤ ነምበር ኦፍ» የሚያምረው ቁጥሩ በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ቦታ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር እዩ፦ «ዘ ነምበር ኦፍ ቱሪስትስ ሁ ቪዚት ዘ ሞናስተሪስ ኦን ዘ አይላንድስ…» ቀጥሎ «ኢዝ» ነው «አር»? አንባቢ እዚህ ሲደርስ ቱሪስቶችን አልፏል፣ ገዳማትን አልፏል፣ ደሴቶችን አልፏል። ሦስቱም ብዙ ናቸው። የመጨረሻው ቃል «አይላንድስ» ስለሆነ ምላሳችን «አር» ለማለት ይቸኩላል። ባለቤቱ ግን ያ መጀመሪያ ላይ የተውነው «ነምበር» ነው። «ኢዝ» ነው መልሱ። ለልጁ እንዳሳየሁት፣ መሃል ያሉትን ቃላት በጣታችሁ ሸፍኑ። «ዘ ነምበር» እና ግሱ ብቻ ይቅሩ። ዓይናችሁ ወዲያው ያየዋል። በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሁ» ቀጥሎ ያለው «ቪዚት» ግን ነጠላ አይደለም፤ የሚጎበኙት ቱሪስቶቹ ናቸዋ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ግስ፣ ለሁለት የተለያየ ባለቤት።

አይኤልትስ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ለምትዘጋጁ ይህ በተለይ ይጠቅማችኋል። የአካዳሚኩ ፈተና የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ ግራፍ ወይም ሰንጠረዥ የመሰለ ነገር ሰጥቶ ቢያንስ በ150 ቃላት ግለጹ ይላል። ግራፍ ስትገልጹ «ዘ ነምበር ኦፍ» ደጋግማችሁ መጻፋችሁ አይቀርም። አንዴ ግሱን ከሳታችሁ ስህተቱም ከሐረጉ ጋር እየተደጋገመ ይሄዳል።

እዚያው ላይ ሌላ ስህተት አለ። ይኸኛው ፍጹም የኛ ነው። «የቱሪስቶቹ ቁጥር ብዙ ነው» እንላለን በአማርኛ። ቀጥ አድርገን ስንገለብጠው «ዘ ነምበር ኦፍ ቱሪስትስ ኢዝ ሜኒ» ይሆናል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም። ለእነሱ ቁጥር ትልቅ ወይም ትንሽ፣ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ነው እንጂ ብዙ አይሆንም። ስለዚህ «ላርጅ» ወይም «ሃይ» ነው የሚባለው፤ ሲያንስ «ስሞል» ወይም «ሎው»። «ብዙ» ማለት ካማራችሁ ቁጥሩን ተዉትና በቀጥታ «ዜር አር ሜኒ ቱሪስትስ» በሉ። ይህን ስህተት ከዩኒቨርሲቲ በተመረቁ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር አይቻለሁ። ማንም አርሟቸው ስለማያውቅ ነው።

ልጁ በሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ ስለ ዘጌ ጽፏል። «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ኮፊ» ይላል። የዘጌ ልሳነ ምድር ከድሮም በቡና ደኑ የታወቀ ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ሰው ሁሉ በቡና ጥላ ሥር ነው የሚያልፈው። ሐሳቡ ልክ ነው። ቃሉ ግን አልገጠመም።

እዚህ ጋ አባቶቻችን የተዉልን አንድ አባባል አለ፦ «ስፍር ቁጥር የሌለው»። ሁላችንም እንለዋለን፤ ለምን ሁለት ቃል እንደሆነ ግን ቆም ብለን አናስብም። እህል ይሰፈራል፤ ከብት ይቆጠራል። ጤፍን አንድ ሁለት ብሎ የሚቆጥር የለም፣ በቁና ነው የሚሰፈረው። በግንም ማንም በቁና አይሰፍርም። አባባሉ ሁለቱንም የጠራው በስፍርም በቁጥርም አይዘለቅም ለማለት ነው። እንግሊዝኛም ስሞቹን በዚሁ ክፍፍል ነው የሚለያቸው። ለሚቆጠር «ነምበር»፣ ለሚሰፈር «አማውንት»።

የዘጌ ቡና በጆንያ ሲሆን ይሰፈራል፤ «ኤ ላርጅ አማውንት ኦፍ ኮፊ» ነው። የቡና ዛፎቹ ግን ይቆጠራሉ፤ «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ኮፊ ትሪስ»። ጣናን የወረረው እምቦጭም ይሰፈራል እንጂ አይቆጠርም፤ «አማውንት» ነው። እሱን የሚነቅሉት ሰዎች ግን «ነምበር» ናቸው። ሰውን «አማውንት ኦፍ ፒፕል» ማለት እንደ እህል መስፈር ነውና ተጠንቀቁ። ዓሣ ደግሞ ሁለቱንም ይሆናል። ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ ቀረሶው አንድ፣ አምባዛው ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፤ «ኤ ነምበር ኦፍ ፊሽ»። «ፊሽ» ብዙ ሲሆንም መልኩን ብዙ ጊዜ ስለማይቀይር «ስ» ባታዩ አትደንግጡ፤ ግሱ «አር» ነው። ተጠብሶ ሳህን ላይ ሲመጣ ግን ምግብ ነው፤ አይቆጠርም።

የሚቆጠር የሚመስል ግን በእንግሊዝኛ የማይቆጠርም አለ። «መረጃ»ን አማርኛ «መረጃዎች» ይለዋል። «ኢንፎርሜሽን» ግን የሚሰፈር ነው። ስለዚህ «ኤ ነምበር ኦፍ ኢንፎርሜሽንስ» የለም። «ኤ ሎት ኦፍ ኢንፎርሜሽን» በሉ። «አድቫይስ» እና «ኢኩዊፕመንት» ም እንዲሁ ናቸው።

የጀልባ ነገር ካነሳን አይቀር፣ «ዘ ነምበር ኦፍ» ሌላ ትርጉምም አለው። አማርኛ «የጀልባዋ ቁጥር» እና «የጀልባዎቹ ቁጥር» ብሎ ይለያል። የመጀመሪያው ጎኗ ላይ የተጻፈው መለያ ነው፤ ሁለተኛው ስንት ጀልባ እንዳለ ነው። እንግሊዝኛም ይለያል። «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቦት» ካላችሁ መለያዋን ነው የጠየቃችሁት። «ዘ ነምበር ኦፍ ቦትስ» ካላችሁ ብዛታቸውን። ልዩነቱን የሚያመጡት የ«ዘ» መውጣትና የአንዲት «ስ» መጨመር ናቸው። ቱሪስቱ ስንት ጀልባ እንዳለ ጠይቆ የጀልባ መለያ ቢነገረው ሁለቱም ተደናግረው ነው የሚለያዩት። «ነምበር» ከኋላው «ኦፍ» ሳይኖር ብቻውን ሲመጣም መስፈሪያ መሆኑ ይቀራል። «ኤ ነምበር ኢዝ ፔይንትድ ኦን ኢች ቦት» ስንል እያንዳንዷ ጀልባ ላይ አንድ ቁጥር ተቀብቷል ማለታችን ነው፤ «ኤ» ቢኖርም ነጠላ ነው። የብዙ ቁጥር ሥራውን የሚሠራው «ኤ» ብቻውን አይደለም፤ «ኤ ነምበር ኦፍ» ሙሉው ነው።

«ዜር» ብሎ ለሚጀምር ዓረፍተ ነገርም ያው ነው። «ዜር አር ኤ ነምበር ኦፍ አይላንድስ» ይጻፋል። በንግግር «ዜርስ ኤ ነምበር ኦፍ» የሚል ፈረንጅ ይገጥማችኋል። ሲያወሩ ይሉታል፤ ስትጽፉ ግን «አር» ን ያዙ። «ኤኒ ነምበር ኦፍ» ደግሞ «የፈለግከውን ያህል» ማለት ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ ታይምስ» ደጋግሞ ማለት ነው። «ፐርሰንቴጅ» ም በ«ኤ» እና በ«ዘ» ልክ እንደ «ነምበር» ይከፈላል።

አስጎብኚዎች በቀን ሃያ ጊዜ የሚሉት «ዋን ኦፍ ዘ» ግን ከዚህ ይለያል። «ከደሴቶቹ አንዱ» ስንል ከብዙ ውስጥ አንድ ስለምናወጣ ስሙ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ነው። «ዋን ኦፍ ዘ አይላንድስ ኢዝ ደቅ»። «ዋን ኦፍ ዘ አይላንድ» ሲባል የሚሰማው አንድ ደሴት ተቆርሶ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ወረቀቱን እንደገና ጻፍነው። ልጁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። «37 የሚለው ይኑር ወይስ ላውጣው?» አለ። አልሜዳንና ብሩስን ነግሬው ስለነበር ልቡ ተከፍሏል። ቁጥሩ ዛሬ በብዛት የሚነገረው ነውና ይኑር አልኩት፤ ግን እንዲህ ብለህ ጻፈው፦ «ዘ ነምበር ኦፍ አይላንድስ ኢዝ ዩዡዋሊ ጊቭን አዝ ሰርቲ ሰቨን»። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 37 ይባላል ማለት ነው። ቱሪስቱ ሌላ ጽሑፍ ላይ ሌላ ቁጥር ቢያነብ ልጁን ውሸታም አይለውም።

ሁለተኛውን መስመር ከደሴቶቹ እንዲጀምር አድርጎ ጻፈው፤ «ዘ» ልጨምር አለና ጨመረ፤ «ኤ ነምበር ኦፍ ዘ አይላንድስ ሃቭ ሞናስተሪስ»። ትክክል ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ አይላንድስ» በርከት ያሉ ደሴቶች ነው፤ «ኤ ነምበር ኦፍ ዘ አይላንድስ» ደግሞ ከእነዚሁ ከጠራናቸው ደሴቶች በርከት ያሉት። ከላይ 37ቱን ስላነሳ አሁን ከእነሱ ውስጥ ነው የሚያወጣው። ይህንን አላስተማርኩትም ነበር።

ሦስተኛው ላይ ቡናውን ወደ ቡና ዛፎች ቀየረው። አራተኛው ላይ ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማሠራታቸውን ጽፏል፤ እዚያ የሚታረም አልነበረም። ወረቀቱ ግርጌ ትንሽ ቦታ ተርፎት ነበር። ጀልባ ለሚፈልግ እንግዳ ስልኩን እዚያ ጻፈ። «ማይ ነምበር» ብሎ ጀመረና «ኢዝ» ብሎ ቀጠለ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።